ብርጭቆ ሥር የተገኘው ሃምሳ ብር

ሰውየው ሞቶም ከወንበሩ አልወደቀም። ግድግዳውን ተደግፎ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ በሩ ላይ ቆሞ ላየው ምሳ ከብዶት ያሸለበ ይመስላል። ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ግን ቀረብ ብላ ከንፈሩ ላይ የደረቀውን አረፋ አየች። ለፍርድ ቤት ምስክርነት ከቢቸና ወደ ሞጣ በመጣችበት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይጠብቀኛል ብላ አላሰበችም ነበር።

«አካለ ወልድ ይባላል፤ የምግብ ቤቱ ግማሽ ባለቤት ነው» አላት የሞጣው ሳጅን። «መርዝ ነው። ያስተናገደችውን ልጅ ይዘናታል።»

«በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሞተው?»

«ጨርሶ፣ ጉርሻም አስቀምጦ። ይኸው።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ የውኃ ብርጭቆ፣ የሒሳብ ደረሰኝና ብርጭቆው ሥር የተቀመጠ ሃምሳ ብር ነበሩ። ሀብትነሽ ጎንበስ ብላ የሟቹን አንገትጌ አሸተተች። ቡናማ እድፍ አለበት፤ ቀረፋ ቀረፋ ይላል። ደረሰኙን አነበበች፤ ጥብስ፣ ውኃ፣ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ። ሻይ የሚል የለም፤ የሻይ ብርጭቆም የለም። ከዚህ ክፍል አንድ ሰው ዕቃ አንሥቶ ሄዷል።

ከሟቹ የውስጥ ኪስ የታጠፈ የክስ ማመልከቻ ወጣ። በሠራተኞች ስም ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰበሰበው አሥር በመቶ አንድም ቀን ለሠራተኞቹ እንዳልደረሰ ይናገራል። የተጻፈበት ቀን የነገ ነው።

ሌላው ባለቤት ባንተአምላክ እንደ ወትሮው ገንዘብ መቀበያው ላይ ተቀምጧል። ከራሱ በላይ፣ «የአገልግሎት ክፍያ ከሒሳብዎ ጋር ስለተደመረ ጉርሻ መስጠት አያስፈልግም፤ እናመሰግናለን» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ጨዋ ማስታወቂያ ነው፤ እጁን ኪስዎ ከከተተ በኋላ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ጨዋ።

«አስተናጋጇ አርሴማ ሳህኑን አንሥታ ከወጣች ወዲህ ማንም አልገባም» አለ ባንተአምላክ። ድምፁ ንቅንቅ አላለም። «እዚህ ቤት ጉርሻ የተቀበለ አስተናጋጅ ይባረራል። እሷ ኪስ ግን መቶ ብር ተገኘ። ከሟቹ ኪስ ካልሆነ ከየት አመጣችው?»

«ከተከለከለ ሟቹስ ለምን ሃምሳ ብር አስቀመጠ?»

«የድሮ ልማድ ይለቃል? ሁልጊዜ ብርጭቆ ሥር ነው የሚተወው። እኔ አንሥቼ ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ።»

አርሴማን ፖሊስ ጣቢያ አገኘቻት። ቀጭን ልጅ ናት፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«መቶ ብሩን ከየት አመጣሽው?»

አርሴማ የሽርጧን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ያቀርቡሻል። የነፍስ ግድያ ነው፣ የኔ ልጅ። ልጅ አለሽ?»

«ጡት አልጣለም።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «የምለው የለኝም፣ እትዬ። ይቅርብኝ።»

ሀብትነሽ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች። እንዲህ ፈርቶ እንዲህ የጨከነ ግን አላየችም። ልጅቱ የምትፈራው ለራሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባትና አዘነችላት።

በማግሥቱ ጠዋት ሞጣን ጉም ውጧታል፤ መብራትም የለም። ሀብትነሽ ምግብ ቤቱ ገብታ ቁርስ አዘዘች።

«ሰው በመርዝ በሞተበት ቤት ይበላል?» ሳጅኑ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ርቦኛል» አለች። አልራባትም።

ያስተናገዳት ፋንታ የሚባል ጎልማሳ ነው። በልታ ስትጨርስ ሃምሳ ብር አውጥታ ብርጭቆው ሥር አደረገች። የፋንታ ፊት ባንዴ አመድ መሰለ።

«ያንሡት፣ እትዬ። በእናትዎ ያንሡት!»

«ለአንተ ነው።»

ወደ ገንዘብ መቀበያው ሰረቅ አድርጎ አየና ጆግ፣ ሳፋና ፎጣ ይዞ ተመለሰ። ለባንተአምላክ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ ውኃውን እጇ ላይ እያፈሰሰ በሹክሹክታ፣ «መስጠት ከፈለጉ ፎጣውን ሲመልሱልኝ፣ ውስጡ» አላት።

«አርሴማም የምትቀበለው እንዲህ ነው?»

«ስምንታችንም። ከታወቀ ስምንታችንም እንባረራለን።»

ሀብትነሽ እጇን ቀስ ብላ አደረቀች። ልጅቱ አፏን የዘጋችበት ምክንያት አሁን ፍንትው አለላት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ሟቹ በሞተበት ክፍል ተሰበሰቡ። አርሴማ እጇ በካቴና ታስሮ ግድግዳው ጥግ ቆመች፤ ወጥ ሠሪዋ ይርጋነሽ በሩን ተደግፋለች፤ ፋንታ መሬት መሬት ያያል።

«አቶ ባንተአምላክ፣ ሟቹ ጉርሻ የሚተወው የት ነበር?»

«ነገርኩዎ እኮ። ብርጭቆ ሥር።»

ፋንታ ሳያስበው ቀና አለ። ሀብትነሽ ወደ እሱ ዞረች።

«ይቺ ልጅ የእናንተን እንጀራ ላለማሳጣት ብላ ልትታሰር ነው። አንተስ ምን ትላለህ?»

ፋንታ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«ፎጣው ውስጥ ነው። ጋሽ አካለ ወልድ ጠረጴዛ ላይ አምስት ሳንቲም ትተው አያውቁም፤ ማን እንደሚያነሣው ያውቁ ነበራ!»

«እንግዲህ ሟቹ በልቶ፣ ታጥቦ፣ መቶውን ብር በፎጣ ውስጥ ለአርሴማ ሰጥቷል» አለች ሀብትነሽ። «አሥር በመቶውም ደረሰኙ ላይ አለ። ታዲያ ለአንድ ምሳ ሦስተኛ ምስጋና ማን አስቀመጠ? ገበታው እዚያው ላይ አብቅቷል፣ ከአርሴማ ወዲህ ማንም አልገባም እንድንል የፈለገ ሰው ነው። አስተናጋጅ ቢሆን ኖሮ ሟቹ ጉርሻውን በፎጣ እንደሚሰጥ ያውቃል። ይህን የማያውቅ በዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነገሩ የሚደበቀውም ከእሱ ነው።»

ባንተአምላክ ሳቀ። «በፎጣ ሰው ይከሰሳል?»

«በሻይም ይከሰሳል። ሻዩ ሟቹ ሸሚዝ ላይ ፈስሷል፤ ደረሰኙ ላይ ግን የለም። እዚህ ቤት ደረሰኝ ሳይቆረጥ ሻይ የሚያስቀዳ ማን ነው?»

ይርጋነሽ አርሴማን አየቻት፤ ካቴናውን አየች።

«ሁለት ሻይ ቀድቼ ሰጥቼዋለሁ» አለች ወደ ባንተአምላክ እየጠቆመች። «በጓሮ በር ይዞ ገባ። አንዱን ብርጭቆ መለሰልኝ፤ ሁለተኛው ተሰበረ አለኝ። ስብርባሪውን አመዱ ላይ ሲጥል አይቼዋለሁ። እንዳልባረር ብዬ ነው ዝም ያልሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ሳጅኑ ወደ ጓሮ ሮጦ ወጣ። ስብርባሪውን በላስቲክ ይዞ ሲመለስ ባንተአምላክ ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

«ዛሬ ሊከሰኝ ነበር» አለ፤ ለማንም አልነበረም። «ለምኜው ነበር። አብረን ሻይ እንጠጣ ብዬ ለመንሁት።»

ካቴናው ከአርሴማ እጅ ወልቆ እሱ እጅ ገባ። ይዘውት ሲወጡ ፋንታ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። ይርጋነሽ መጥታ ልጅቱን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ አርሴማ ግን እንደ ደረቀች ቀረች።

«አበቃ፣ የኔ ልጅ» አለቻት ሀብትነሽ። «ወደ ልጅሽ ሂጂ።»

«እትዬ፣ ዝም ያልሁት ስለ እነሱ ብቻ አይደለም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አሥር በመቶው እንደማይደርሰን ለጋሽ አካለ ወልድ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው አያውቁም ነበር። ባለፈው ሳምንት እጃቸውን ሳስታጥብ ነው የነገርኋቸው። ባልነግራቸው ኖሮ ዛሬም ምሳቸውን በልተው ቤታቸው ይገቡ ነበር።»

ሀብትነሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ልትላት አፏን ከፈተች። አርሴማ ግን ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ የሞተውን ሰው ይቅርታ እየጠየቀች ወጣች።