በጥሪው መሃል የገባው ወንድሜ

ማመን የማትፈልጉ ከዚሁ ተመለሱ፤ አልቀየምም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በእኛው ቤት፣ ዓይኔ እያየ።

የጥምቀት ዋዜማ ነበር። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሊመሽ ሲል።

ሜስቲያ በምትባለው የተራራ ከተማችን ውስጥ፣ ከበረዶ ሸርተቴው ተራራ ሥር ያለውን ቤታችንን ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ አድርገነዋል። በረዶው ሲጀምር የራሳችንን መኝታ ቤት ሳይቀር ለእንግዳ እንለቃለን። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሚሪያን ፎቅ ላይ ዶርም ውስጥ፣ ከተንሸራታቾቹ ጋር፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ እንተኛለን። ዶርሙ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። የሚያንኮራፋ ሰው አይጠፋም። ለምጄዋለሁ።

ያን ሳምንት ግን ዶርሙ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የበረዶ ናዳ መንገዱን ስለዘጋው የሚመጣም የሚሄድም የለም። የቀረን እንግዳ ቶርኒኬ ብቻ ነው፤ ከዋና ከተማው ከትብሊሲ የመጣ የሕክምና ተማሪ። አፉ አያርፍም።

«አለቃ፣ ይሄ ሁሉ አልጋ ለእኔ? እየቀያየርኩ ነው የምተኛው።»

«አንሶላውን የምታጥብ ከሆነ እንደፈለግክ።»

እኛ ስቫኖች፣ የዚህ ተራራ ሰዎች፣ በጥምቀት ዋዜማ ሙታኖቻችንን ወደ ቤት እንጠራለን። ሊፓናሊ እንለዋለን። ማዕድ ይዘረጋላቸዋል፤ ጥቂት ቀን ይቆያሉ፤ ሰኞ ጠዋት ይሸኛሉ። ሥርዓቱ ከቤት ቤት ይለያያል። በእኛ ቤት አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ደጅ ይወጣል፤ በሩን ክፍት ትቶ ይጠራቸዋል። ከእሱ በቀር በሕይወት ያለው ሰው ሁሉ ከጥሪው በፊት ውስጥ መግባት አለበት። ጥሪው አልቆ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ማንም ደፉን አይረግጥም።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ ወዲህ ነገሩ ይሰለቸኝ ነበር። በዚያ ብርድ በር ከፍቶ መቆም... ማገዶው ያሳዝነኝ ነበር።

አባቴ ደጅ ቆሞ መጥራት ጀመረ።

«ግቡ፣ የእኛዎቹ... ደክሟችኋል... በርዷችኋል... ግቡ...»

ሚሪያን የመጣው ያኔ ነው።

ተራራው ላይ ተንሸራታቾቹን በሚያወጣው የገመድ ወንበር ነው የሚሠራው። ንፋሱ ሥራውን አጓትቶበት ዘግይቷል። ከፀጉሩ እስከ ጫማው በረዶ ለብሷል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና አላየውም። ሚሪያን፣ በቁመት አባታችንን የሚበልጠው፣ በአጠገቡ ሾልኮ አለፈና ደፉ ላይ ቆመ።

እየሳቀ ነበር።

«መጣን! መጣን!» አለ።

ገባ።

አክስቴ ዳሪኮ ከበሩ ገለል ብላ አሳለፈችው። እናታችን ሚሪያንን በወለደች ሳምንት ስለሞተች ያሳደገችን እሷ ናት። እሱ ካለፈ በኋላ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆየች...

ሌሎቹ እስኪያልፉ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አንተ የማትረባ፣ ትንሽ ብትጠብቅ ምን ትሆናለህ?» አልኩት።

«በረደኝ እኮ ናቲያ! ግቡ ሲል ገባሁ።»

«አንተን አይደለም የጠራው!»

«ታዲያ ስም ጠርቶ ይለይ ነበራ።»

አባቴ በሩን ዘግቶ ሲዞር ሚሪያንን ምድጃው አጠገብ አየው። ሊያደርገው ያነሳውን ባርኔጣ መልሶ ደረቱ ላይ ያዘው።

በማግስቱ ጠዋት ቶርኒኬ ዓይኑ ቀልቶ ወረደ።

«አለቃ፣ ወንድምሽን አንድ በይልኝ።»

«ምን አደረገህ?»

«ጓደኞቹን ዶርም አስገብቶ ሲያንሾካሹኩ ነጋ። አንዷ ሴትዮ ደግሞ ‹ጠጋ በል ልጄ› አለችኝ። እኔም በእንቅልፍ ልቤ ጠጋ አልኩላት።»

«መንገዱ ዝግ ነው ቶርኒኬ። ማንም አልመጣም።»

ልስቅ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

በእነዚያ ቀናት ምግብ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእነሱ ነው። ማዕዱ ላይ ይቆያል፤ እኛ ከእነሱ በኋላ እንበላለን። ተራችን ሲደርስ የቦሎቄ ወጡን ለሚሪያን አቀረብኩለት።

«በልቻለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ቅድም እኮ ማንም አልተቀመጠም።»

አየኝ። እንደሚታዘብ ሰው። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

ጫማውን ምድጃው አጠገብ፣ ከቶርኒኬ ጫማ ጎን አስቀምጦት ነበር። የቶርኒኬ ደርቋል። የእሱ ላይ ያለው በረዶ ከትናንት ጀምሮ አልቀለጠም። በጣቴ ነካሁት። ዱቄት ነው... አሁን እንደወረደ ያለ።

ማታ እራት ላይ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተጣብቆ ተቀመጠ። ከጎኑ ብዙ ቦታ አለ። ልቀመጥ ስል በሹክሹክታ፣

«ተይ...» አለኝ።

«ምነው?»

«ሰው አለ።»

እኔ ቶሎ የሚደነግጥ ሰው አይደለሁም። ሰው ሲታመም ሐኪም ይጠራል፤ አለቀ። ስልክ ደወልኩ።

«ምኑን ነው የሚያመው?» አለኝ ሐኪሙ።

«አግዳሚ ወንበር ላይ... ቦታ ይለቃል።»

«ለማን?»

«እንጃ» አልኩት። መንገዱ ሲከፈት አምጪው አለኝ። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ቶርኒኬን ለመንኩት። ዶርም ውስጥ የሚሪያንን እጅ ይዞ የልብ ምቱን ቆጠረ። ዓይኑን አየ፤ ደረቱን አዳመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሚሪያን ዝም ብሎ ተመረመረለት። ድንገት ቶርኒኬ ብድግ አለ። ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አገኘህበት?»

«ደህና ነው። ልቡም ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ጆሮዬ ሥር ተጠጋ።

«የእሱን እጅ ስይዝ... ሌላኛውን እጄን ሰው ያዘኝ።»

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው የተኛው። መቀለድም ተወ። እውነት ለመናገር፣ ከሁሉም ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ዝም ማለቱ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሚሪያን ዶርም ውስጥ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር።

«ናቲያ... እናታችን ግራኝ ነበረች?»

ነበረች። ትዝ የሚለኝ ግራ እጇ ነው፤ ዳቦ ሲቆርስ። ለማንም አውርቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ የእሷ ነገር አይነሳም።

«ማን ነገረህ?»

«ዳቦ ስትቆርስ አየኋት።»

«ሚሪያን፣ ነገ እኔን ጥለህ የትም እንዳትሄድ። ሰማኸኝ?»

ራሱን ነቀነቀ። ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው... አላወቅኩም።

ወርጄ አባቴን ያዝኩት። አክስቴ ዳሪኮ ምድጃው ዘንድ እንጨት ትጨምራለች።

«አባዬ፣ ነገ አትሸኛቸው።»

«አንቺ ልጅ...»

«አትሸኛቸው! ከእነሱ ጋር ገባ፤ ከእነሱ ጋር ነው የሚወጣው። አንተም ታውቃለህ። ለዚህ ነው ዓይኑን የማታየው።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«ካልተሸኙ ይቀራሉ። ከቀሩ ቦታ ይፈልጋሉ ናቲያ። ትናንት ዳሪኮ እዚህ ወንበር ጫፍ ላይ ተጠግታ ተቀምጣ አየኋት።»

«እኔ?» አለች አክስቴ። «ውሸታም! መቼ?»

«ሳታውቂው ነው ዳሪኮ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ... አሁን የት ነው የተቀመጥሽው?»

ዝቅ ብዬ አየሁ።

የወንበሩ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ልወድቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። ከጎኔ ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። ማን ተጠጊ እንዳለኝ... መቼ እንደተጠጋሁ... ምንም አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም። ምን ብዬ?

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጣች። ሚሪያንን ዶርም ውስጥ አስገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። በሩ ላይ አልጋ ገፋሁበት። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩትና አንድ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩ። አልታገለኝም። ቢታገለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከታች የውጭው በር ሲከፈት ተሰማ። ብርዱ በወለሉ ስንጥቅ ገባ።

«በሰላም ሂዱ፣ የእኛዎቹ... ምግባችሁን በልታችኋል... እሳታችንን ሞቃችኋል... በሰላም ሂዱ...»

ዶርሙ ውስጥ የአንዱ አልጋ ሽቦ ጮኸ። ሰው ሲነሳበት እንደሚጮኸው።

ከዚያ ሌላው።

ከዚያ ሌላው...

እጁን ጨመቅኩት። ጥፍሬ ቆዳው ውስጥ ገባ። ደረጃው ላይ እግር ሲወርድ ይሰማኛል። ብዙ እግር። ቀስ ብሎ የሚወርድም ነበር፤ እንደ ሽማግሌ። በሩ ላይ ያስጠጋሁት አልጋ ንቅንቅ አላለም። በሩም አልተከፈተም።

ከዚያ ፀጥ አለ።

ሚሪያን አጠገቤ ነው። እጁ እጄ ውስጥ ነው።

«ቀረህ» አልኩት። ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሳቅኩም አለቀስኩም። «ቀረህ! አየህ? ምንም አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ወደ ትብሊሲ እንሄዳለን፤ በቃ።»

ጎትቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። አባዬ ቀና ብሎ ልጁን እንዲያይ ፈለግኩ።

አባቴ ግቢው መሃል ቆሟል። ባርኔጣው እጁ ላይ ነው። ወደ ባዶው መንገድ ጎንበስ ይላል። ትንሽ ይጠብቅና እንደገና ጎንበስ ይላል። እያንዳንዱን ለብቻው ነው የሚሰናበተው።

መስታወቱን በመዳፌ መታሁት። «አባዬ! እዚህ ነው! ከእኔ ጋር ነው!»

አልሰማኝም።

ባርኔጣው ከእጁ ወደቀ። ሁለት እጁን ዘረጋና አየሩን አቀፈ። አጥብቆ አቀፈ። አገጩን ከእሱ ከፍ የሚል ሰው ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፍ ቀና አደረገ። በአንድ እጁ ከዚያ ከማይታየው ጀርባ ላይ በረዶ ያራግፋል። ቀስ እያለ፣ ልጁን እንደሚያራግፍ አባት። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሊለቀው አልቻለም።

እጄ ውስጥ ያለው እጅ ጠበቅ አደረገኝ።

አጠገቤ ያለው ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ረጅም ጊዜ ወደ ታች አየ።

«አባትሽ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ማንን ነው ያቀፈው?»