መጀመሪያ የቆመችው አገር

«ተቃዋሚዎች ይቁሙ!» አለ ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ። በዚያው ቅጽበት የአዳራሹ በር ተከፈተና ጋሽ ግሩም የታሸገ ውሃ ካርቶን በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ።

ያብስራ ብድግ አለች።

ማንም አላዘዛትም። ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ በዲቪ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ጋሽ ግሩም ደግሞ ተማሪዎቹን ጠዋት ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ በቫናቸው ያመጡ ጎረቤቷ ናቸው።

«ኧረ በሞቴ፣ ተቀመጪ ልጄ!» አሏት ከበሩ ሆነው።

ሰብሳቢው ግን ቆጥሯታል። «ሊትዌኒያ ትቃወማለች።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተማሪዎች አገር እየወከሉ በሚከራከሩበት በዚህ ሞዴል ዩኤን፣ ያብስራ የሊትዌኒያ ተወካይ ነች። ረቂቁን የጻፈችውም ራሷ ናት፣ ከአይስላንድ ጋር። አይስላንድ ማለት የልብ ጓደኛዋ ሒክማ ናት። ሁለቱ አገሮች ተማሪ እንዲለዋወጡ፣ አይስላንድም በፍል ውሃ ቤት የማሞቅ ጥበቧን እንድታካፍል የሚል ረቂቅ ነበር። አርቃቂዋ አገር ከተቃወመችው ግን ይወድቃል፤ ደንቡ ነው። ሌላ አገር ድምፁ ይደገም ካላለች በቀር።

ሒክማ ወንበሯን ጨምድዳ ይዛለች። ጋሽ ግሩም ሲገቡ እሷም ልትነሣ ከወንበሯ ከፍ ብላ ነበር፤ ሳን ሊያንድሮ ብትወለድም እናቷ የወሎ ሴት ናት። ሰው ምን ይለኛል ብላ ነው መልሳ ቁጭ ያለችው።

«ጓደኛሽ ግን እንዴት ያለች ፋራ ናት!» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ማቲዎስ። የትምህርት ቤቷ ልጅ ነው፤ ዛሬ ፈረንሳይን ወክሎ ግማሹን አዳራሽ ከኋላው አሰልፏል። «ለራሷ ረቂቅ ኖ? ብሮ፣ ሞቻለሁ!»

«ስቶፕ ኢት፣ ማቲ።»

«ስሚኝ። ድምፁ ሪቮት ይደረግ ካልሽ ሰዓቱ ያልቃል፣ የኔ ረቂቅ ሳይቀርብ ይቀራል። ዝም ካልሽ ግን ቤስት ዴሊጌት ያንቺ ነው። የኛ ልጆች በሙሉ ይመርጡሻል። ጀስት ቺል።»

ቤስት ዴሊጌት! የምርጥ ተወካይነቱን ዋንጫ ሒክማ ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው ነበር። ቀና ብላ ያብስራን አየቻት። መቀመጥ ይሁን መቆም ጠፍቷት፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሊትዌኒያ የሚለውን ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ እንደቆመች ናት።

አፕታውን ካፌ ቁጭ ብለው ረቂቁን ሲጽፉ የሁለቱን አገሮች ታሪክ ያገኘችው ያብስራ ነበረች። ሊትዌኒያ ከሶቪየት ኅብረት ወጥቼ ነጻ ነኝ ስትል፣ ታንክና ሚሳይል የታጠቁት ትልልቅ መንግሥታት ጉሮሯቸውን እየጠረጉ «እስቲ እናየዋለን» ይሉ ነበር። ሞስኮ ትቆጣለቻ! እንዴት ያለ ወኔ ነው! ሠራዊት እንኳ የሌላት፣ ውቅያኖስ መሐል የተቀመጠች አይስላንድ ናት ከሁሉ ቀድማ ነጻነትሽን አውቄልሻለሁ ያለቻት። ዛሬ በሊትዌኒያ ዋና ከተማ በአይስላንድ ስም የሚጠራ መንገድ አለ።

«አየሽ፣ አንቺኮ ነሽ ቀድመሽ ያወቅሽልኝ!» ብላት ነበር ያብስራ፣ ደረቷን ነፍታ። «ትልልቆቹማ ቦቅቧቃ ናቸው።»

«ዩር ዌልካም» ብላ ሒክማ ስቃ ነበር።

«ሌላ ጥያቄ ከሌለ…» ሰብሳቢው መዶሻውን አነሣ።

ማቲዎስ በክርኑ ጎሸማት። «ቺል!»

ጋሽ ግሩም ካርቶኑን አስቀምጠው፣ ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው፣ ከሒክማ ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ወንበር የለቀቀላቸው የለም።

ሒክማ ተነሣች። ወንበሯን ወደ እርሳቸው ገፋች።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። ስትነሣ ፊቷ ያለውን ማይክሮፎን ከፍታው ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ሳቁ ከዚያም ከዚህም ጀመረ።

የአይስላንድን ሰሌዳ ክንዷ እስከሚደርስበት ከፍ አድርጋ ያዘች። «አይስላንድ ድምፁ እንዲደገም ትጠይቃለች» አለች በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ፣ ሳትቸኩል።

ማቲዎስ እጇን ሊያወርደው እጅጌዋን ጎተተ። አልወረደም። ቁጭ በይ ቢሏትም አሁን ወንበር የላትም።