የሁለቱ ዲቴክተሮች ክፍል

መምህር ገነነ በቡሬ ኮሌጅ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ እንደደፋ፣ ሰኞ ጧት ሞቶ ተገኘ። ዘመኑ ሁለት ሺህ አራት፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። ኢንስፔክተር ታንጉት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስትደርስ የኮሌጁ ሰዎች «ልቡ ነው» ብለው ጨርሰውታል። ገላው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዲቴክተሮች፣ የጨረር መያዣ መሣሪያዎች፣ ተፋጥጠዋል። ኮምፒውተሩ አሁንም ይሠራል።

«ይህ ምንድን ነው?» ስትል የሟቹን ባልደረባ ናሁሰናይን ጠየቀችው።

«የታወከ የአቶም እምብርት ጋማ ጨረር ይለቃል፤ ለቅጽበት ቆይቶ ሌላ ይደግማል። አንዱ ዲቴክተር የፊተኛውን፣ ሌላው የኋለኛውን ይይዛል። በመሀል ያለችውን ዕድሜ ነው የምንለካው።»

«ባዶው በርሜልስ?»

«ዲቴክተሩን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነበረበት። ሲሞላ ጨርሶት ይሆናል።»

ታንጉት ጎንበስ አለች። የወለሉ ላስቲክ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ወንበሩ ድረስ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ደጃፉ ላይ ወደቆመው የኮሌጁ ዘበኛ ዞረች።

«አያ ዘሩ፣ መምህሩ ይህን ፈሳሽ ሲቀዱ መስኮት ይከፍቱ ነበር?»

«ሳይከፍቱ ነክተውት አያውቁም! ‹አየሩን አባርሮ፣ ሳታውቀው ይገልሃል› ይሉኝ ነበር። በርሜሉም ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነው የሚያድር። ቁልፉ ያለው እሳቸውና አቶ ናሁሰናይ ጋ ብቻ ነው።»

ጥግ ላይ ቆማ የነበረችው የሟቹ ሚስት ያምሮት እጇን ዘረጋች። ቁልፍ ይዛለች። «የእሱ ይኸው። እሑድ ቤት ረስቶት ሄደ።»

ታንጉት በሩን ዘጋችው።

«በራሳቸው እጅ ቢቀዱት መስኮቱ ክፍት በሆነ። ዲቴክተሩ ጋ ቢፈስ ላስቲኩ በቅዝቃዜው እዚያ በተሰነጠቀ። የፈሰሰው ግን ከደጃፉ ነው፤ መምህሩ ልኬቱን ሲጠብቁ እንቅልፍ ጥሏቸው ሳለ። በርሜሉን ሊያወጣ የሚችለው ቁልፍ የያዘ ሰው ብቻ ነው። የቀረው ቁልፍ የእርስዎ ነው፣ አቶ ናሁሰናይ።»

ናሁሰናይ ግድግዳውን ተደገፈ። «ያሳተምኩትን የዚያችን ዕድሜ ቁጥር ሳልለካ ነበር የጻፍኩት። ገምቼ። እሱ እንደገና ሊለካው ተነሣ። ውጭ አገር የማገኘው ትምህርት፣ ስሜ፣ ሁሉም ሊቀር ነው ብዬ…»

«እኔ ቁጥር አላነብም» አለች ታንጉት። «እርስዎ ያንብቡት።»

ወደ ኮምፒውተሩ ቀረበ። አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ያው ነው» አለ። «እኔ የጻፍኩት ቁጥር ነው።»

ያምሮት መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «‹የናሁሰናይ ቁጥር ከገጠመለት ዝም እላለሁ፤ ልጁ ይማር› ብሎኝ ነበር» አለች።

ታንጉት ካቴናውን አውጥታ ለአፍታ በእጇ ያዘችው። ወንጀለኛ ስትይዝ የሚሰማት ነገር ዛሬ አልመጣላትም። ናሁሰናይ ሳይጠየቅ ሁለት እጁን አቀረበላት። ውጭ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ነበርና መኪናው እስኪመጣ አራቱም እዚያችው ክፍል ውስጥ ቆዩ።