የተጣበቀው ሕፃን

«ሕፃኑን ማነው እንዲህ አስቸኩሎ ያስተኛው?» አሉ የልደት ምስሎች ሠሪው ማስትሮ ኢጂዲዮ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

ኢላሪያ ከኋላቸው፣ ጓደኛዋ ኑንዚያ ደግሞ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተደረደሩት ትንንሽ የልደት ትዕይንቶች ሁሉ፣ የኢላሪያም ጭምር፣ ግርግማቸው ባዶ ነው። ናፖሊ ውስጥ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ግርግም ውስጥ የሚተኛው በገና ዋዜማ ሌሊት ነው፤ እስከዚያ እናቶች በጥጥ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያቆዩታል። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። የኑንዚያ ግርግም ውስጥ ግን ሕፃኑ እጆቹን ዘርግቶ ተኝቷል።

ኤግዚቢሽኑ በየዓመቱ ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ይከፈታል፤ የመግቢያው ገቢ ለነዳያን ምሳ ይውላል። ዘንድሮ ለታዳጊዎች አንድ ነገር ተጨምሯል። በገዛ እጃቸው ከሠሩት መካከል ማስትሮ የመረጡት አንድ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ ገብቶ ሙያውን ይማራል። ኢላሪያ ይህን ዕድል አጥብቃ ትፈልገዋለች። ግን ከቡሽ ቅርፊት የሠራችው ተራራ ተንጋዷል፣ እረኞቿም መጠናቸው ስለሚለያይ አንዱ የሌላው አባት ይመስላል። ከጠዋት ጀምሮ ሰው የሚከበው የኑንዚያን ነው። ኢላሪያም ቅናቷን ዋጥ አድርጋ «አንደኛ ነው ባክሽ!» ብላታለች።

«አውጪው እንጂ ልጄ፣ አሮጊቶቹ ሳያዩሽ» አሉ ማስትሮ እየሳቁ።

ኑንዚያ ሕፃኑን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ሳበችው። አልነቃነቅ አለ። ጠንከር አድርጋ ስትስበው ግርግሙ፣ በሬውና አህያው አብረው ተነሡ። ሁሉም በሙጫ ተጣብቀዋል።

የማስትሮ ሳቅ ቆመ። ያኔ ለኢላሪያም ገባት። በገዛ እጁ የሚሠራ የናፖሊ ልጅ ሕፃኑን አያጣብቅም። እንዲህ የሚያጣብቁት ለቱሪስት የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይወልቅ።

«ኢላሪያ ናት!» አለች ኑንዚያ ፊቷ ቀልቶ። «ላግዝሽ ብላ መጥታ እሷ ናት ያጣበቀችው። ተራራዋን ቢያዩት ይገባዎታል።»

አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳቁ። «ምን ዓይነቷ ፋራ ናት!» አለች አንዷ።

«እውነት ነው ልጄ?» ሲሉ ማስትሮ ወደ ኢላሪያ ዞሩ።

ኑንዚያ ከጀርባቸው በዓይኗ ትለምናታለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የተቀመጡት። «አዎ» ብትል መሳቂያ ትሆናለች፣ ዕድሏም ያከትማል። «አይደለም» ብትል ደግሞ ጓደኛዋን ጥላ ለማለፍ ያደረገችው ይመስላል። ተናደደች። ኑንዚያ ደግሞ አሳዘነቻት።

«አልነካሁትም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ገና ነው ያየሁት።»

ማስትሮ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

«ከሃዲ!» አለቻት ኑንዚያ። ካፖርቷን እንኳ ሳታነሣ በሩን በርግዳ ወጣች። ውጭ ይዘንባል።

«የዚህኛው ባለቤትስ ማነው? ይምጣና ያስረዳኝ» አሉ ማስትሮ፣ የኢላሪያ ሥራ ላይ ጎንበስ ብለው።

ኢላሪያ ወደ እሳቸው መራመድ ጀመረች፤ መሀል ላይ ቆመች።

«የእኔ ነው ማስትሮ። መጣሁ፣ ከቻሉ ይጠብቁኝ» አለች። ከዚያ የኑንዚያን ካፖርት ከወንበሩ ላይ አንሥታ ወደ ዝናቡ ወጣች።