ምትክ ካርድ

የሕግ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ሠራተኞቹ «ጋሼ አንቀጽ» የሚሏቸው፣ በመጻሕፍት ማከማቻው ወለል ላይ ሞተው ተዘርረው የተገኙት ሠራተኞቹ ከምሳ ሲመለሱ ነው። መሰላሉ ከላይኛው መደርደሪያ ጋር ተደግፎ ቆሟል። ከራሳቸው አጠገብ ጠርዙን ደም የነካው፣ እንደ ጡብ የከበደ የአዋጆች ጥራዝ ወድቋል። ያየ ሁሉ «ወጡ፣ አዳለጣቸው፣ ወደቁ» ብሎ የሚጨርሰው ነገር ነበር። ኢንስፔክተሯ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይጥማትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ጎንበስ ብላ የታችኛውን የብረት መደርደሪያ ተመለከተች። ጠርዙ ላይ ከተጋገረው አቧራ መሃል አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ተጠርጎ ያበራል። ቀና ስትል ድንገት አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ሳብ አደረገች።

«ካርድ ሳይገባ መጽሐፍ አይነሳም» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

የንባብ አዳራሹ አስተናባሪ ነበረች፤ ባልደረቦቿ «እትዬ ዝምታ» የሚሏት። ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት ቀልቷል፤ ግን ከበሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ወፍራም ባዶ ካርድ አምጥታ ዘረጋችላት።

«መጽሐፉ በወጣበት ቦታ ምትክ ካርድ ይቆማል። አለዚያ የወጣና የጠፋ አይለይም።»

«ፖሊስም ቢሆን?»

«ዳኛም ቢሆን።»

ኢንስፔክተሯ መጽሐፉን መለሰችና መሰላሉን ወጣች። ከላይኛው ረድፍ ላይ ከባዱ ጥራዝ የወጣበት ክፍተት አፉን ከፍቶ ይታያል። በክፍተቱ ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ካርድ ቆሟል፤ የላይኛው ቀኝ ጥጉ ወደ ውጭ ታጥፏል። ጥቂት ቆየችና ወረደች። እጇን አራገፈች።

በምሳ ሰዓት የቤተ መጻሕፍቱ በር ይቆለፋል። ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞተዋል። የቀሩት ሦስት ናቸው።

መጀመሪያ እትዬ ዝምታን አነጋገረች።

«ዛሬ ጠዋት ከኃላፊው ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ተጣልቻለሁ። ሃያ ዓመት ሰውን ዝም ሳሰኝ ኖሬ፣ ዛሬ እኔው ጮህኩ።»

«በምን ምክንያት?»

«በስልጠና። ለሕግ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በየዓመቱ ዕድል ይመጣል፤ አንድ ሰው ይላካል። እኔ ቅጽ እሞላለሁ፣ ሌላ ሰው ይሄዳል። ቅጽ ሙላ፣ ቅጽ መልስ። አምስት ጊዜ አለፉኝ።» ጣቶቿን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ አሳረፈች። «አሁን ደግሞ የአንድ ዓመት ትምህርት መጥቷል። ከአርባ አምስት ዓመት በታች ለሆነ ብቻ ነው፤ እኔ በሚቀጥለው ወር አርባ አምስት እሞላለሁ። ማመልከቻው ዛሬ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ያለ እሳቸው ደብዳቤ ደግሞ አይቀበሉም።»

«ምን መለሱልዎ?»

«‹አምስት?› አሉና ዝም አሉ። እሳቸው አንቀጽ ሳይጠቅሱ ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ጓሮ፣ አግዳሚው ላይ። ብቻዬን።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ሃያ ዓመት ያላየኝ ሰው ዛሬ ያየኛል?»

ኢንስፔክተሯ በማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ፣ «ላስቸግርዎ፤ ስለ ድንገተኛ ሞት የሚናገር መጽሐፍ ይኖራል?» አለቻት። እትዬ ዝምታ ሄዳ አመጣችላት። ኢንስፔክተሯ አመስግና በብብቷ ያዘችው፤ አልገለጠችውም።

የጥረዛ ክፍሉ ከኋላ ነው። ጠራዡ አዛውንት ናቸው፤ ስማቸው ተረስቶ «አባባ ሙጫ» ሆነው ቀርተዋል። ከፊታቸው የመጻሕፍት መጭመቂያው ብረት ጥርሱ እስኪነክስ ተጠብቋል። ኢንስፔክተሯ እጀታውን ስትነካ ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እሱን ተይው ልጄ፤ ሙጫው ሳይደርቅ አይከፈትም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሙጫው ቆርቆሮ ተመለከተች። ሙጫው እንደ ድንጋይ ደርቆ ብሩሹን ነክሶ ይዞታል።

«ጋሼ አንቀጽ ከመሰላል ወድቀው ነው ይላሉ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«መሰላል? በዚያ ጉልበታቸው? ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ ንዑስ አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ ነበር የሚታጠፉት። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከላይ የሚያወርድላቸው ሰርተፍኬት ነው።»

«ሰርተፍኬት ማነው?»

«የማውጫ ሠራተኛው ነዋ። ሰኞ ከስልጠና መጣ፤ ማክሰኞ ሰርተፍኬቱን መስታወት አልብሶ ሰቀለው። ያንን ወረቀት ሳያይ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው ያደረገው።»

«ምሳ ሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ።» ዓይናቸው ሳያስቡት ወደ መጭመቂያው ሄዶ ተመለሰ።

«ጠዋት የሰሙት ነገር አለ?»

«እትዬ ስትጮህ ያልሰማ አለ? እሷ ከወጣች በኋላ ጋሼ ብቻቸውን ‹አምስት ብሎ ማን ነገራት?› ሲሉ ሰማሁ። ለማን እንዳሉት እንጃ።»

ኢንስፔክተሯ ከእሳቸውም አንድ መጽሐፍ ጠየቀች። እያጉረመረሙ ሄደው አመጡላት።

ሰርተፍኬት ወንበር ስቦ፣ ጠረጴዛውን በመሃረቡ ጠርጎ ነው የተቀበላት። ከሸሚዙ ኪስ የባዶ ካርዶች ጫፍ ይታያል።

«እትዬን እንዳይጠረጥሩብኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ደግ ሴት ናቸው፤ ንዴት ይዟቸው ነው እንጂ።»

«ምን አድርገው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

«ስልጠናው እንዴት ነበር?»

«ግሩም። አደራደር፣ ቁጥጥር፣ ፍለጋ፤ አዳዲስ አሠራር ነው። ነገ ለባልደረቦቼ አካፍላለሁ። እስከዚያ ማስታወሻዬንም ለማንም አላሳየሁም፤ ከፊሉን ሰምተው ከፊሉን እንዳይንቁት።»

«ከስልጠና ማዕከሉ ጋር የሚጻጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ኃላፊው ኮምፒውተር አይወዱም ነበር።»

«ምሳ ሰዓትስ?»

«ውጭ በላሁ።»

ከእሱም አንድ መጽሐፍ ለመነች። ሦስቱን መጻሕፍት በብብቷ ይዛ ብቻዋን በመደርደሪያዎቹ መሃል ተመላለሰች። ከዚያ ስልክ ደወለች፤ አጭር ነበር። ሰዓቱ ዘጠኝ ሲያልፍ ሦስቱንም ወደ ንባብ አዳራሹ ጠራች። እትዬ ዝምታ የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት እጆቿን ታያለች።

ኢንስፔክተሯ ሦስቱን መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ጋሼ አንቀጽ ከመሰላል አልወደቁም» አለች። «ጉልበታቸው አያወጣቸውም። ደግሞም ጥራዝ ሲያወርድ የወደቀ ሰው፣ በሚወድቅበት ቅጽበት ምትክ ካርድ አያስገባም። እላይ ግን ካርድ አለ።»

አባባ ሙጫ ቀስ ብለው ቆባቸውን አወለቁ።

«የሞቱት ከታች ነው። ተገፉ፤ ራሳቸው የብረቱን ጠርዝ መታ። ያ ቦታ አቧራው ተጠርጓል። ከዚያ የገፋው ሰው መሰላል አቆመ፣ ከባዱን ጥራዝ አወረደ፣ ጠርዙን ደም አስነካ። ሁሉን አስቦ ነበር። እጁን ግን አላሰበውም። መጽሐፍ ሲያነሳ ካርድ የሚያስገባ እጅ፣ ሰው ገድሎም ያስገባል።»

«ይህማ ሁላችንም ነን» አለ ሰርተፍኬት።

«ልክ ነህ። ለዚህ ነው መጽሐፍ ያስመጣኋችሁ። መጻሕፍቱን አላነበብኩም፤ በቦታቸው የቆሙትን ካርዶች ግን አይቻለሁ። የእትዬ ካርድ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቁጥሩ በእርሳስ ተጽፏል። የአባባ ካርድ የሙጫ አውራ ጣት ታትሞበታል። የአንተ ካርድ የላይኛው ቀኝ ጥጉ ወደ ውጭ ታጥፏል። እላይኛው ክፍተት ውስጥ እንዳለው።»

ሰርተፍኬት ሳይታወቀው የሸሚዝ ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

«የታጠፈ ካርድ ማንም...»

«ማዕከሉ ጋ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ጥጉን ማጠፍ፣ ክፍተቱ ከመተላለፊያው እንዲታይ ዘንድሮ የጀመሩት አሠራር ነው። ነገ ልታስተምራቸው ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ ቤት የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ማስታወሻዬን ለማንም አላሳየሁም ያልከኝ አንተው ነህ።»

«ለምን ብሎ?» አለች እትዬ ዝምታ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ማዕከሉ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ዘንድሮ ኃላፊው የላኩት ስም የእርስዎ ነበር። ‹ታመው ቀርተዋል፣ በምትካቸው እኔ እመጣለሁ› የሚል ደብዳቤ ከዚህ ቤት ሄደ። ለኃላፊው ‹እትዬ አልፈልግም አሉ› ተባሉ፤ ለእርስዎ ‹አሁንም አለፉዎት› ተባለ። ጋሼ የሚያውቁት አራት ጊዜ ማለፋቸውን ነው። ዛሬ ጠዋት እርስዎ አምስት ሲሉ፣ የማን እጅ እንዳለበት ገባቸው። ምሳ ሰዓት ጠርተው ጠየቁት።»

ሰርተፍኬት እጁን ከኪሱ ላይ አነሳ። ከዚያ፣ «ሊያባርሩኝ ነበር» አለ። «ይቅርታ ብዬ ለመንኳቸው፤ አንቀጽ ጠቀሱልኝ። አንዴ ነው የገፋኋቸው።»

«አንዴ ገፋህ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከዚያ ግን መሰላል ፈለግህ፤ ከዚያ ደግሞ የእትዬን ንዴት ነገርከኝ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት የግድግዳው ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይል ነበር። እትዬ ዝምታ አሁን ቀና ብላ አየችው፣ ትከሻዋ ወረደ።

«አባባ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «በደረቀ ሙጫ ምን እየጠረዙ ነው?»

ሽማግሌው ወደ ክፍላቸው ገቡ። የብረቱ እጀታ ሲንቋቋ ተሰማ። ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ፖስታ ይዘው ተመለሱ።

«ከምሳ በፊት የሰጡኝ ነው። ‹ለእትዬ ስጣት፤ እኔ መጀመሪያ አንድ ሰው ላነጋግር› አሉኝ። ሞተው ሲገኙ፣ የሟች ወረቀት ይዤ ብገኝ ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

እትዬ ዝምታ ፖስታውን ከፈተች። ለአንድ ዓመቱ ትምህርት የምትታጭበት ደብዳቤ ነው፤ ተፈርሟል፣ ማኅተም አለው። ከላዩ ላይ ትንሽ ብጣሽ ተያይዟል፤ በእርሳስ፦ «አራቱ የእኔ ጥፋት ነው። አምስተኛውን ግን አልከለከልኩሽም።» አንቀጽ አልጠቀሱም።

«ሾፌሬ ከታች አለ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ይሂዱ።»

እትዬ ዝምታ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ይዛ እስከ በሩ ሄደች። ከዚያ ቆመች። ኢንስፔክተሯ ደም የነካውን ጥራዝ ለማስረጃ በላስቲክ እየጠቀለለች ነበር።

«ኢንስፔክተር» አለች እትዬ፣ «እላይ ያለው ካርድ የውሸት ነው። አውጥተው ይውሰዱትና እውነተኛውን ያስገቡ።»

ኢንስፔክተሯ ከሳጥኑ አንድ ካርድ አነሳች። በእርሳስ፣ ቀጥ አድርጋ ጻፈች፤ ተረካቢ፣ እኔ። የሚመለስበት ቀን የሚለው ላይ ደርሳ ጥቂት አሰበችና «ፍርድ ሲሰጥ» ብላ ሞላችው። ቀና ስትል በሩ ክፍት ነበር፤ ከደረጃው ላይ እየራቀ የሚሄድ የሩጫ ኮቴ ይሰማል።

«ቀስ በሉ» አሉ አባባ ሙጫ ለባዶው አዳራሽ፤ ከልማድ።