አምስት ደቂቃ ከገንዳው ማዶ

ሚጣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ይህ የቁልምጫ ስም የወጣላት ገና በሦስት ዓመቷ፣ አጎቷ ቤት የገባች ቀን ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቃት። በአጎቷ የጥርስ ክሊኒክ፣ ከእንግዳ መቀበያው መስታወት ጀርባ ተቀምጣ «ሚጣ፣ ቀጣዩን አስገቢ» ስትባል «አቤት» ትላለች። በባዮሎጂ በተመረቀች ማግስት አጎቷ የክሊኒኩን ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀምጠው «ይኸው፣ ያንቺው ቤት ነው» አሏት። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እሷም ያሳደጋትን ሰው እምቢ የምትልበት አንደበት አልነበራትም። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሞላት።

አጎቷ ክሊኒኩን ሲያድሱ በመጠበቂያ ክፍሉ መሃል ትልቅ የጨው ውሃ ገንዳ አሠሩ። ገንዳውን የሠራው ወጣት «ቢያንስ አንድ ወር ያለ ዓሣ ይቆይ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን «ባዶ ውሃ ለማን ላሳይ ነው?» ብለው በአራተኛው ቀን ከሌላ ሱቅ ስድስት ዓሣ ገዝተው ለቀቁበት። በሳምንቱ አራቱ ሞቱ።

ሚጣ ወጣቱን ደውላ ጠራችው።

ከቦርሳው ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ የገንዳውን ውሃ ቀዳበት። ከሁለት ጠርሙስ ጠብታ ጨምሮ ናጠውና፣

«አሁን አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው» አለ።

እሱ ከገንዳው ማዶ ቆመ፣ እሷ ወዲህ። ውሃው ፊቱን ሰፋ አድርጎ አሳያት። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ዓሣ የሚያዩ መሰሉ።

ጉንጫቸው ያበጠ አንዲት እናት ከጥግ ወንበር ሆነው፣ «እኔስ ጥርሴን ነው፤ ዓሣው ምኑን ነው የሚያመው?» አሉ።

«የገዛ ሽንቱ ውስጥ ተዘግቶበት ነው፣ እናቴ» አለ ወጣቱ።

«ውይ፣ ከኔስ ይብሳል።»

ብልቃጡ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ጤነኛ ውሃ ቢጫ ነበር የሚያሳየው።

«አሞኒያ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዓሣው ቆሻሻ ይመጣል። ማጣሪያው ውስጥ እሱን የሚበላ ባክቴሪያ እስኪባዛ ጊዜ ይፈልጋል። ያ ሳይሆን ዓሣ ከገባ መውጫ የለውም፤ የሚያቃጥለውን ውሃ መልሶ ይተነፍሰዋል።»

መውጫ የለውም ያለው ነገር ሚጣ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

የቀሩትን ሁለት ዓሦች ወደ ራሱ ገንዳ ሊወስዳቸው ጠይቆ ነበር፤ አጎቷ አልሰሙትም። ስለዚህ በየቀኑ የጨው ውሃ በጥብጣ የገንዳውን ሩብ እንድትቀይር፣ ምግቡንም እንድትቀንስ ነገራት። እሱ ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት እየመጣ ሊለካ ሆነ።

በየቀኑ አምስት ደቂቃ ነበራቸው። በሁለተኛው ቀን ምን እንደተማረች ጠየቃት።

«ባዮሎጂ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቀጠሮ እጽፋለሁ።»

 

በሌላ ቀን ደግሞ፣ ብልቃጡን እያየ፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ያለው የውሃ ላቦራቶሪ ባዮሎጂ የተማረ ሰው እንደሚፈልግ ነገራት። ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ያበቃል። ሚጣ ወደ አጎቷ በር አየች።

ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስም ብልቃጡ አረንጓዴ ነው።

«እስቲ የምታደርጊውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳይኝ» አላት።

አሳየችው። ውሃውን ቀዳች፣ አዲሱን ጨመረች፤ ከዚያ የማጣሪያውን ስፖንጅ አወጣችና የጥርስ መሣሪያዎቹ ወደሚቀቀሉበት ማሽን ይዛው ሄደች።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼንን በየቀኑ ነው የምትቀቅይው?»

«በየቀኑ። ቆሽሾ እያየሁት ዝም ልበል እንዴ?»

ከታካሚዎቹ ወንበር በአንዱ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ስንጠብቃቸው የከረምናቸውን ባክቴሪያዎች እኮ በየቀኑ ቀቅለሽ ፈጀሻቸው።»

ፊቷ ቀላ። «ባዮሎጂ ተምሬ...»

«ትምህርቱ የት ይሄዳል» አለ ሳቁን ትቶ። «አራት ዓመት እዚህ ስትቀመጪ እጅሽ የለመደው ይኼን ነው።»

በማግስቱ በላስቲክ የተጠቀለለ ቡናማ፣ ሽታ ያለው ስፖንጅ አመጣላት። «ከቤቴ ገንዳ ነው። ባክቴሪያው ሞልቶበታል። እባክሽ እንዳታጥቢው።»

ከወንድ ስጦታ ተቀብላ አታውቅም። የመጀመሪያዋ ቆሻሻ ስፖንጅ ሆነ፤ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ሰኞ ዕለት ብልቃጡ ገና ፈካ ማለት ሲጀምር፣ አጎቷ አምስት ዓሣ በውሃ በተሞላ ላስቲክ ይዘው ገቡ።

«ገንዳው ሰው የሌለበት ቤት መሰለ እኮ። ክዳኑን ክፈቺልኝ፣ ሚጣ።»

ሚጣ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥታ ገንዳው ፊት ቆመች።

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«አሁን ከገቡ ይሞታሉ።» ትንፋሽ ወሰደች። «እኔም እዚህ መቆየት አልቻልኩም። የውሃ ላቦራቶሪ ሰው ይፈልጋል፤ ዓርብ ልመዘገብ ነው።»

ላስቲኩ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ይወዛወዛል።

«እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም፣ ጋሼ። አሳደጉኝ። ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

አጎቷ ላስቲኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ዓሦቹን ወጣቱ መጥቶ ወሰዳቸው። ያን ሳምንት በሙሉ አጎቷ «ቀጣዩን አስገቢ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ረቡዕ ብልቃጡ ቢጫ ሆነ፤ ሐሙስም ቢጫ። የምታካፍለው ሰው ማዶ ባይቆም ኖሮ ደስታው አፏ ውስጥ ይቀር ነበር።

ዓርብ ቁልፉን ልትመልስ ስትገባ፣ አጎቷ የጥርስ ማያ መብራታቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው ገንዳው ሥር አጎንብሰዋል። ብልቃጥ ይዘዋል።

«ነይ እስቲ፤ ይኼ ቢጫ ነው አረንጓዴ?»

«ቢጫ ነው፣ ጋሼ።»

«ያ ልጅ አሳይቶኛል። ስፖንጁንም አልቀቅልም።» ቀና አሉ፤ መብራቱ ዓይኗ ላይ ስላረፈ ፊታቸውን ማየት አልቻለችም። «ምዝገባው ስንት ሰዓት ይዘጋል?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

በሩ ላይ ወጣቱ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። አጎቷ አዩት። «አንተ ደግሞ፣ ውሃው ከዳነ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ምን ልትሠራ መጣህ?»

ወጣቱ ጫማውን አየ።

ሚጣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አብራው ወጣች።

«ላቦራቶሪው በእግር ስንት ደቂቃ ይሆናል?» አለችው።

«አምስት።»

ሃያ እንደሚሆን ታውቃለች። አላረመችውም።