በሰም የተደፈነው ዲስክ

ጌጥ ሠሪው ሥራው ላይ እንዳጎነበሰ ሞተ። የሚሽከረከረው የመሞረጃ ዲስክ ፈንድቶ ትልቁ ስባሪ ጉሮሮው ላይ ተሰክቷል። ለአንገት ሐብል ሳንቲም አስመስሎ ይሞርደው የነበረው ቀይ ድንጋይ ገና ከጣቶቹ መሃል አልወጣም። በዚያ ክፍል ክብ ያልሆነ ነገር የለም፤ ጉትቻው ክብ፣ ሐብሉ ክብ፣ ገዳዩም ክብ። ሰው ሥራውን እንደያዘ ቢሞት ያምራል የሚሉ አሉ፤ ይህን ሬሳ አላዩም።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሱ የሟችን ሚስት ይዞ ሊሄድ ነበር። ጠዋት «እጅህ ይድረቅ!» ብላ ባሏን ስትረግም ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

«ቆይ እንጂ፣ እርግማን ዲስክ አይሰነጥቅም» አለች መርማሪዋ። ስባሪውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የስብራቱ ግማሽ ትኩስ ነው። ግማሹ ግን የቆየ ስንጥቅ ነው፤ በሰም ተደፍኖ የድንጋይ ዱቄት ተነስንሶበታል። ሰሙ የጌጥ ሠሪዎች ሰም ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ማንም ያገኘዋል።

መጀመሪያ የሱቁን ሻጭ ጠየቀቻት።

«ጋሼ ጠንቃቃ ነበሩ» አለች ልጅቷ። «አዲስ ዲስክ ሳይገጥሙ በፊት በመዶሻ እጀታ መታ አድርገው ያዳምጡታል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ድፍን ነው። ዛሬም ሲመቱት አይቻለሁ።»

«ካንቺ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

«በቅርቡ ኮርተው ነበር። ከበሩ ሆኜ ስጠራቸው መልስ የለም።»

ሚስትየው ከእንባዋ ንዴቷ ይብስ ነበር።

«ፊት ለፊት ሲሆን ማር ነው። ጀርባውን ሲሰጠኝ ግን ብጠራው፣ ብለምነው ድንጋይ! ወንድሙ ራሱ ‹ንቆሽ ነው› ብሎኛል። ረገምኩት፤ አልክድም። አልገደልኩትም ግን።»

ታናሽ ወንድሙ የሟች ቀኝ እጅ ነው፤ ስልክ የሚያነሳውም፣ ደንበኛ የሚያነጋግረውም እሱ ነው።

«እኔ ማልጄ ዕቃ ልገዛ ወጥቻለሁ» አለ።

«ለወንድምህ ነግረህ ነው?»

«አዎ። አጎንብሶ ስለነበር መብራቱን ብልጭ አደረግሁለት፤ ዞር ሲል ነገርኩት።»

 

መርማሪዋ ሦስቱንም ሬሳው ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። እንዲሸፈን ሲለምኗት እምቢ አለች።

«ሰም ዓይንን ያታልላል፤ ጆሮን አያታልልም። ሟቹ ዲስክ እንደሚያዳምጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ ገዳዩ ስንጥቁን ከዓይኑ ብቻ መደበቅ ለምን በቃው? ጆሮው እንደማይሠራ ስላወቀ ነው። ሰውየው መስማት ተስኖት ነበር። ዲስኩን የሚመታውም መደንቆሩን ሰው እንዳያውቅበት፣ ለይስሙላ ነው።»

ሚስትየው አፏን ያዘች።

«ፊት ለፊት ማር የሆነው ከንፈር እያነበበ ነው። ሻጯም ሚስቱም ሲጠሩት ዝም ሲል ኮራብን ብለው አኮረፉ። አለመስማቱን ቢያውቁ ለምን ይጠሩታል? ከመጥራት ይልቅ መብራት ብልጭ ያደረገለት ግን አንድ ሰው ነው።»

ታናሽየው ሊክድ አልሞከረም።

«ጆሮው እኔ ነበርኩ» አለ። «ስልኩን እኔ፣ ደንበኛውን እኔ፤ ‹እጀ ወርቅ› ተብሎ የሚሞገሰው እሱ። እኔ ስም እንኳ የለኝም፤ ‹የእጀ ወርቁ ወንድም› ነኝ።»

«እኔ እኮ ሚስቱ ነኝ!» ብላ ጮኸች ሴትየዋ። «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

ካቴና እየገባለት ዞር ብሎ አያት።

«ታዝንልኛለች፣ ትንቀኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኛል፣ እትዬ። እኔ ደግሞ መሐላዬን አላፈርስም።»